የእድራችን ጄኔሬተር በማን እጅ እንደተበላሸች

የበደለኝ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ነው። የበደለኝም አምና ክረምት ሲገባ፣ የታላቅ እህቴን ለቅሶ በተቀመጥን በሁለተኛው ቀን፣ ደጄ ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ስሙን አልጽፍም። ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ሰፈሩን ለማያውቅ ደግሞ ስሙ ምንም አያደርግለትም።

የዚያን ቀን ወደ አመሻሹ ላይ ዝናቡ ወረደ፣ መብራትም ሄደ። ኮልፌ ውስጥ ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ የሚደነቅ ሰው የለም። እድራችን ለእንዲህ ያለው ጊዜ ብሎ የገዛት በቤንዚን የምትሠራ ጄኔሬተር አለችው። አሮጌ ናት፤ ቀይ ቀለሟ ለቋል፣ ግን ሁለት ሰው ከያዛት የትም ትደርሳለች። ኃላፊው አስመጣትና የማስነሻ ገመዷን ይስብ ጀመር። ሳበ፤ ኮቱን አውልቆ ሳበ፤ እጁን ቀይሮ ሳበ። እሷ አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰችም።

እኔ ከፍራሹ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ገመድ ሲሳብ የሚሰማው ድምፅ ለማያውቅ ሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለእኔ አይደለም። እኔና እህቴ 18 ማዞሪያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረን። መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን ያቺ ቤት ቆማ የሄደችው በአንዲት ትንሽ ጄኔሬተር ነው። መካኒክ በጠራን ቁጥር ግማሽ ቀን ሥራ ፈትተን እንቀመጥ ስለነበር፣ እህቴ አንድ ቀን "አጠገቡ ቁጭ በይና እጁ የት የት እንደሚገባ እዪ" አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስትበላሽ መካኒክ አልጠራንም። እሷ ገመድ ትስባለች፣ እኔ እፈታለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ሠራን።

ስለዚህ ከፍራሹ ተነሣሁ። የለቀስተኛው ዓይን እንደተከተለኝ አውቃለሁ። ኃላፊውን "ቤንዚን አይደርሳትም፣ ካርቡራተሩ ነው። አንዴ ይልቀቁልኝ" አልኩት። መፍቻ አልነበረም። ከካርቡራተሩ ሥር ቤንዚን የሚጠራቀምባት እንደ ትንሽ ጽዋ ያለች ነገር አለች፤ በሽንኩርት ቢላ እጀታ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግኳት። ውስጧ ያለችው፣ ቤንዚኑን የምትመጥነው ተንሳፋፊ ተጣብቃ ከሆነ አንዳንዴ በዚያ ትለቃለች። አልለቀቀችም።

ኃላፊው ቀና አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። "ባለለቅሶ ናቸው ብዬ ዝም ብል፣ የእድሩን ንብረት በቢላ ቀጥቅጠው ገደሉት። ደግሞስ እህቱ የሞተችበት ሰው ፍራሹ ላይ ይቀመጣል እንጂ ሞተር አይፈታም።"

ያን ምሽት ሰው እራቱን በስልክ መብራት በላ። በወሩ ስብሰባ ላይ ኃላፊው ተነሥቶ "ጄኔሬተሯ በአባል እጅ ተበላሽታለች" ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ስም አልጠራም፤ ሰው ሁሉ ግን ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ስጠብቅ፣ ሱቅ ስገባ፣ "መካኒኳ" ሆንኩ። የቢላውን ክስ ሰምቼ እተወው ነበር፤ የቢላው ነገር ሲጣራ ይጣራል። ያልተዋጠልኝ ሁለተኛው ነው፣ የእህቴን ለቅሶ ትቼ እንደሄድኩ የተነገረው። ለማንም መልስ አልሰጠሁም። ኃላፊው ሰላም ሲለኝ ሰላም አልኩት። ዓመት እንዲህ አለፈ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የእድሩ ኮሚቴ ጄኔሬተሯ አሮጌ ብረት ለሚሰበስበው ቁራሌው እንድትሸጥ ወሰነ። ማስታወቂያው የዕቃ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ እሑድ ከስብሰባው በኋላ ቁራሌው መጥቶ ይወስዳታል ይላል። እቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። እሷ ተሰባብራ ወደ አቅላጭ ከሄደች ማስረጃዬም አብራት ሄደች። ከዚያ በኋላ የፈለግኩትን ብናገር ጄኔሬተሯን በቢላ የገደለችው ሴት እኔ ሆኜ እቀራለሁ፤ ስሞትም በዚያው ድንኳን ውስጥ ይነሣል።

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በእድሩ ግቢ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ሰብሳቢያችን ሐጂ ናቸው፤ ድሮ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከሁላችን የሚበልጥ፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰሙ ሰው ናቸው። የሽያጩ ነገር ሲደርስ እጄን አወጣሁ።

"ሐጂ፣ ከመሸጧ በፊት እስቲ ልፍታት።"

ኃላፊው ከተቀመጠበት "ሬሳ ሊያስነሡ ነው" አለ። ሰዎቹ ሳቁ።

ጎረቤቴ መቼም ዝም አትልም። ማዞሪያው ዳር ባልዲና ጆግ የምትሸጥ፣ አፏን ለሐጂም የማትከድን ሴት ናት። "ለስንቱ ለቅሶ የደረሰች ሞተር፣ ለእሷ ለቅሶ አንድ ሰው ቢደርስላት ምን አለበት?" አለች።

ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡ። "ቁራሌው ከስድስት ሰዓት በፊት አይመጣም። እስከዚያ ማን ከለከለሽ?"

"አንድ ነገር ግን አለኝ" አልኩ። "ከተነሣች፣ አምና ድንኳኔ ውስጥ የተናገሩትን እዚሁ ሰው ፊት ይመልሱ።"

"ካልተነሣችስ?" አለ ኃላፊው።

"ካልተነሣች የገደልኳት እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉት።"

ይህን የመጨረሻውን አስቤበት አልነበረም። ሌላውን ሁሉ አስቤበታለሁ፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብሎን መፍቻ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ሽቦና በትንሽ ብልቃጥ ጥቂት ቤንዚን በዘንቢል አድርጌ ወንበሬ ሥር ደብቄ ነበር፣ ድንገት የመጣልኝ እንዲመስል።

ጄኔሬተሯን ከዕቃ ቤቱ አውጥተው ፀሐይ ላይ አስቀመጡልኝ። መጀመሪያ እሳት የምትሰጣትን ካንዴላዋን ፈታሁ። ብረቱ ላይ አስጠግቼ ይዤ ጎረቤቴን ገመዱን ሳቢው አልኳት፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። እሳቱ አለ ማለት ነው። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ከብልቃጤ ጥቂት ጠብታ ቤንዚን አፈሰስኩ፣ መልሼ አጠበቅኩና አስሳብኳት። ሁለት ጊዜ ጮኻ ዝም አለች።

"ነፍስ አላት" አለ አንዱ።

"ነፍስማ አላት። ቤንዚን የሚያደርስላት ነው ያጣችው" አልኩ።

"ጾም ላይ ናት በይኛ" አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

የታንከሯን ክዳን ከፈትኩ። እስከ አፏ ሙሉ ናት። ቤንዚኑ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል፤ ሽታውም የቤንዚን አይደለም፣ አናጢ ቤት ያለው የቫርኒሽ ሽታ ነው።

"ይህን ማን ሞላው?"

"ሁልጊዜ ሙሉ ናት" አለ ኃላፊው፣ በኩራት። እጁን ወደ ዕቃ ቤቱ በር ዘረጋ። በሩ ላይ በራሱ እጅ የተጻፈ ካርቶን ተሰቅሏል፤ "ሞት ቀጠሮ የለውም። ጄኔሬተሯ ከለቅሶ ስትመለስ ታንከሯ ተሞልቶ ትቀመጥ" ይላል።

ነገሩ ሁሉ እዚያ ካርቶን ላይ ነበር። እድር የሚኖረው በመዘጋጀት ነው። ድስቱ ታጥቦ ይጠብቃል፣ ድንኳኑ ደርቆ ታጥፎ ይጠብቃል፣ አግዳሚው ተደርድሮ ይጠብቃል። ቤንዚን ግን አይጠብቅም። ወራት ከተቀመጠ ቀላሉ ይተንና ወፍራሙ ይቀራል፤ የቀረው ካርቡራተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ይጋገራል። ኃላፊው ሰነፍ ቢሆን ኖሮ፣ ባዶዋን ጥሏት ቢሄድ ኖሮ፣ የእህቴ ድንኳን መብራት ያገኝ ነበር። ያን ደንብ ባቀረበ ቀን አባላቱ አጨብጭበውለታል። እኔም ነበርኩ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ይህን ያን እሑድ አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

የቤንዚን መዝጊያዋን ዘጋሁ፣ ከሥር ያለውን ብሎን ፈታሁ፣ ጽዋዋን አወረድኳት። አረንጓዴ ሙጫ ሞልቷታል። ተንሳፋፊዋ እንደፈራሁት ተጣብቃለች። ከመሐል አንዲት የነሐስ ብሎን አወጣሁ፤ ቁመቷ ከጥፍሬ አይበልጥም፣ መሐሏ ቀዳዳ ነው፣ ሞተሯ የምትጠጣው በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው። ለሐጂ ሰጠኋቸው። ወደ ፀሐይ አንሥተው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ምንም አላይም" አሉ።

"እኔም አላይም፤ በሽታዋ እሱ ነው።"

"መርፌ አምጡላቸው" አለ ኃላፊው። ለመርዳት ይሁን ለማበላሸት አላውቅም፤ ለመርዳት ነው ብዬ ልለፈው። መርፌ ነሐሱን ፍቆ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከሰፋ በኋላ ሞተሩ ከልክ በላይ ይጠጣና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ያመጣሁትን ሽቦ ልጬ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዘዝኩ። መዳብ ለስላሳ ነው፣ ነሐስን አይጎዳም። ቀስ እያልኩ አስገብቼ አወጣሁ፣ አስገብቼ አወጣሁ። ደግሜ ለሐጂ ስሰጣቸው "አሁን ብርሃን አለ" አሉ፤ ብሎኗ ለሰው ሁሉ እየዞረች ታየች።

የታንከሯን አሮጌ ቤንዚን ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩ፤ አዲስ ቤንዚን ያስፈልጋል። ማደያ ያለ ደብዳቤ በጀሪካን አይቀዳም፤ እሑድ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። ሐጂ የልጃቸው አሮጌ መኪና ደጅ ቆማለች አሉ። ቱቦ ተገኘ፣ ቤንዚኑን ከመኪናዋ በአፉ የሚመጥ ሰው ግን ጠፋ፤ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።

"ኃላፊው እርስዎ አይደሉ እንዴ?" አለች ጎረቤቴ። "የእድሩ ንብረት ነው እኮ፣ ይምጠጡ እንጂ።"

መጠጠ። አፉ ሞላና ተፋ፣ ሁለተኛም ተፋ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ይሆናል።

ገጠምኩ። የአየር መዝጊያዋን፣ ቾክ የሚሏትን፣ ዘጋሁና አስሳብኩ። በሦስተኛው ተነሣች። ጭብጨባው ቀለጠ። ቾኩን ከፈት ሳደርገው ግን ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፤ ዳገት እንደወጣ ሰው እየተነፈሰች ቆየችና ጠፋች።

"አስም አለባት" አሉ ሽማግሌው።

ኃላፊው አፉን በመሐረብ እየጠረገ "አላልኳችሁም? ውስጧ ተጎድቷል፤ የቢላው ምት ነው" አለ።

ይህን ጊዜ ቁራሌው ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ቆሼ አካባቢ ብረት የሚረከብ ደንበኛ አለው። ነገሩን አየና አጥሩን ተደግፎ ተቀመጠ። "አይቸኩሉ፣ እማማ" አለኝ፤ "ለእኔ ብትኖርም ብትሞትም ኪሎዋ አንድ ነው።"

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ካርቡራተሩ ሁለት መጠጫ አለው፤ ትልቁ ከታች ያለው፣ ትንሿ ደግሞ ከላይ በጎን በኩል የተሸሸገች። ትንሿን ሳልነካት ተውኳት። ሰው እያየኝ ቶሎ መጨረስ ፈልጌ ነው። እህቴ ብትኖር "ሰው ሲያይሽ እጅሽ ይቸኩላል" ትለኝ ነበር፤ በየጊዜው ትለኝም ነበር። በቾክ የምትሠራ፣ ቾክ ሲነሣ የምትዋልል ሞተር ትንሿ ቀዳዳዋ እንደተደፈነ ትናገራለች። እኔ እየሰማሁ አልሰማኋትም።

በርጩማዬን አዙሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አደረግሁ። ካርቡራተሩን ጨርሼ አወረድኩ። ከኋላዬ ስብሰባው ቀጠለ፤ ስለ አግዳሚዎቹ ጥገና ሲከራከሩ ይሰማኛል። ጎረቤቴ ለቁራሌው ውኃ ሰጠችው፣ የዕቃ ዋጋ ጠየቀችው፣ ተጨቃጨቁ። ትንሿ ቀዳዳ የመዳቧን ክር አላስገባ አለች። ከጥርስ ብሩሹ አንዲት ፀጉር በፒንሳ ነቀልኩ። ብሎኗን በአዲሱ ቤንዚን ዘፍዝፌ ጠበቅኩ፣ በፀጉሯ ወጋሁ፣ በአፌ ነፋሁ፣ ደግሜ ዘፈዘፍኩ። ከንፈሬን ቤንዚን አቃጠለኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ፀሐይዋ ግን ከጉልበቴ ተነሥታ ትከሻዬ ላይ ደርሳ ነበር። አየኋት፤ ብርሃን አለ።

ገጥሜ ስጨርስ ጎረቤቴ ገመዱን ልትይዝ መጣች። "ተይው፣ እኔ እስበዋለሁ" አልኳት። በዕድሜዬ ገመድ ስቤ አላውቅም፤ የምትስበው ሁልጊዜ እህቴ ነበረች። እግሬን ከብረቱ ጋር አስደግፌ ሳብኩ። ትከሻዬ ጮኸ፣ ሞተሯ ዝም አለች። ደግሜ ሳብኩ፤ ተነሣች። ቾኩን ቀስ ብዬ መለስኩት። አልዋለለችም። ድምፅዋ አንድ ሆኖ ቀጠለ፣ እንደ ተዘረጋ ገመድ። ሐጂ አምፖል አስመጡና ሰኩት፤ በጠራራ ፀሐይ በራ።

"ማሻአላህ" አሉ ሐጂ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን እየሰሙ።

ቁራሌው ተነሥቶ ማዳበሪያውን አራገፈ። "ታዲያ ሌላ ያረጀ ነገር የላችሁም?"

"አለን፤ ግን ኮሚቴ ስለሆነ አይሸጥም" አለች ጎረቤቴ። በዚህ ሐጂም ሳቁ።

ሞተሯን አጠፋኋትና ቆምኩ። ሐጂ ወደ ኃላፊው ዞረው "እንግዲህ" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

"በቢላ አልተበላሸችም" አለ ኃላፊው። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይቅርታ።"

"ሌላውስ?" አልኩ።

"የቱ ሌላ?"

"እህቱ የሞተችበት ሰው ሞተር አይፈታም ያሉት።"

አየኝ። ፊቱ ላይ የማስመሰል ነገር አልነበረም፤ እኔ ፈልጌበት ነበር፣ አጣሁት። ሰውየው ረስቶታል። እኔ ዓመት ሙሉ አብሬው ስተኛና ስነሣ የኖርኩትን ንግግር እሱ ከአፉ እንደወጣ ረስቶታል።

"እንደዚያ ብያለሁ?"

"ብለዋል" አለች ጎረቤቴ፣ ሳትሥቅ። "አጠገብዎ ቆሜ ነበር።"

ወደ መሬት ተመለከተ። "ካልኩ ክፉ ተናግሬያለሁ" አለ። "እህትዎን አውቃት ነበር። ደህና ሰው ነበረች።"

ሰው ፊት "ይቅር ለእግዜር" አልኩት። በሆዴ ያልኩት የራሴ ነው።

ከዚያ ሰዉ ምን እንዳበላሻት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከለቅሶ ስትመለስ በቁልፉ አታጥፏት፣ የቤንዚን መዝጊያዋን ብቻ ዝጉና ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጠጥታ ራሷ እስክትጠፋ ጠብቁ፤ ታንከሯንም ባዶ አድርጋችሁ አስቀምጧት አልኩ። ሁሉም ዞሮ ካርቶኑን አነበበ። ኃላፊው በዚያ ሰዓት ጫማውን ያስር ነበር። ለዚያ ደንብ ማጨብጨባችንን ማንም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም።

ዛሬ ደህና ነኝ። ጄኔሬተሯ ከዚያ ወዲህ ከአንድም ሁለት ድንኳን ወጥታለች፤ በሁለተኛው ስበት ትነሣለች። "መካኒኳ" መባሉ አልቀረም፤ አሁን ግን ሰው እቤቴ ድረስ መጥቶ ነው የሚለኝ፣ ያውም በእርስዎ። አንዷ የወፍጮ ቤት ባለቤት የውኃ ፓምፕ አምጥታልኛለች፤ ሌላው የሣር ማጨጃ። የእህቴን ወንበር መስኮቱ ሥር አድርጌ እዚያ ላይ እሠራለሁ። ብርሃኑ ጥሩ ነው።

በተከታዩ ወር ስብሰባ ለዕቃ ቤት ኃላፊነት ራሴን ጠቆምኩ። ተመረጥኩ። ርክክቡ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ አግዳሚውን በሐጂ ፊት የቀድሞውን ኃላፊ አንድ በአንድ አስቆጠርኩት። ብርጭቆው ልክ ነበር፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ አስቆጠርኩት። ከዚያ ፈረምኩ፣ ቁልፉን ተቀበልኩ፣ በሩን ቆልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።